«ኢዝ»ን በምን እንተካው? ለአንድ የመንዝ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በመንዝ የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አካባቢያቸው የአንድ ገጽ ድርሰት እንዲጽፉ አዝዤ ስሰበስብ ከአንዱ ወረቀት ላይ ብቻ 23 ‹ኢዝ› እና ‹አር› ቆጠርኩ። ‹ያለ ኢዝ ደግማችሁ ጻፉ› ስላቸው በየቦታው ‹ሲምስ›፣ ‹ቢካምስ›፣ ‹ሪሜይንስ› እየከተቱ አመጡልኝና ከፊተኛው የኋለኛው ባሰ። በ‹ኢዝ› ምትክ የሚገቡትን ግሦች የያዘ ሰንጠረዥ ቢሰጡኝ። ለምሳሌ ‹ዘ ቸርች ኢዝ ኦን ዘ ሂል› እና ‹ማይ ማዘር ኢዝ ማይ ሂሮ› የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዴት ላርማቸው?»

የተከበሩ መምህር፣ የጠየቁኝን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ሆኖም ተማሪዎችዎ በሁለተኛው ዙር ያመጡልዎት ወረቀት በሰንጠረዥ ዘዴ የተሠራ ስለሆነ፣ የእኔም ዝርዝር ያንኑ ስሕተት ከማብዛት በቀር የሚፈይድ አይመስለኝም። በእንግሊዝኛ «ሊንኪንግ ቨርብ» የሚባሉት፣ ማለትም ባለቤቱን ከስም ወይም ከቅጽል ጋር የሚያገናኙት ግሦች፣ አንዱ በሌላው ቦታ እንደ ልብ የሚገባ ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም፤ እያንዳንዱ ከማገናኘቱ በላይ የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። «ሲም» ያለ ጸሐፊ እርግጠኛ አለመሆኑን ተናግሯል፤ «ቢካም» ያለ ለውጥ መኖሩን፤ «ሪሜይን» ያለ፣ ይለወጣል የተባለው ነገር ሳይለወጥ መቅረቱን፤ «ፕሩቭ» ያለ ደግሞ ነገሩ ተሞክሮ መታየቱን። ታርማበር ላይ ጉም ውስጥ ቆሞ «ዘ ሮድ ሲምስ ፎጊ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ፊቱን የሸፈነውን ጉም ተጠራጥሯል ማለት ነው።

እኔም ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደ እርስዎ «ኢዝ»ን ከክፍል አባርሬ ነበር። አንድ የገበሬ ልጅ በማግስቱ «ማይ ፋዘር ሪሜይንስ ኤ ፋርመር» ብሎ ጽፎ መጣ። ሊል የፈለገው «አባቴ ገበሬ ነው» ነበር፤ የጻፈው ግን «አባቴ እስከ ዛሬ ከግብርና ሊወጣ አልቻለም» የሚል፣ ከሰውየው ሌላ ነገር ይጠበቅ እንደነበረ የሚያስመስል ዓረፍተ ነገር ሆነ። አባትየው እንግሊዝኛ አለማንበባቸው በጀኝ፤ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ ነበርና።

ወደ መፍትሔው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በአጭሩ መለየት አለበት። ከቆጠሯቸው 23ቱ ውስጥ ሊንኪንግ ቨርብ የሆኑት ሁሉም ላይሆኑ ይችላሉ። የ«ቢ» ስምንት መልኮች፣ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዋዝ፣ ዌር፣ ቢ፣ ቢን እና ቢይንግ፣ ረዳት ግሥም ሆነው ያገለግላሉ። «ሺ ኢዝ ስፒኒንግ ዉል» (ሱፍ እየፈተለች ነው) በሚለው ውስጥ ማሰሪያው መፍተሉ ነው፤ «ኢዝ» ጊዜውን ብቻ ያግዛል። «ዘ ብላንኬት ዋዝ ዎቨን ኢን ደብረ ብርሃን» (ብርድ ልብሱ ደብረ ብርሃን ተሸመነ) በሚለውም «ዋዝ» የተደራጊነት ረዳት ነው። «ዘ ብላንኬት ኢዝ ዋርም» (ብርድ ልብሱ ይሞቃል) ላይ ስንደርስ ብቻ ነው አገናኙን ያገኘነው። ተማሪው ይህን ካልለየ ረዳት ግሦችን ሁሉ እያሳደደ ደኅና ዓረፍተ ነገር ያፈርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ተማሪዎቻችን «ኢዝ» የሚያበዙት የእንግሊዝኛ ቃላት ስላጠራቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ከአማርኛው «ነው» እና «አለ» የሚመጣው ይበዛል። አማርኛ አንድን ነገር አጉልቶ ለማውጣት ሲፈልግ ግሡን በ«የ» አስሮ ወደ ፊት ያመጣና ዓረፍተ ነገሩን በ«ነው» ይዘጋል። «ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው» እንላለን፤ «የመጣሁት ትናንት ነው» እንላለን፤ «ያልመጣሁት ስለታመምኩ ነው» እንላለን። በእኛ ቋንቋ ይህ ውብ ነው፣ የንግግራችንም ጨው ነው። ተማሪው ግን ቅርጹን እንዳለ ተሸክሞ ሲሻገር «ዘ ፐርሰን ሁ ፋውንድድ ደብረ ብርሃን ኢዝ ዘርዓ ያዕቆብ» የሚል ነገር ይወጣዋል፤ «ዘ ሪዝን አይ ዲድ ኖት ከም ኢዝ ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» የሚል ደግሞ ይከተላል። እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ቅርጽ አለው፤ የሚያወጣው ግን አልፎ አልፎ፣ ሌላ ሰው ተጠርጥሮ «የለም፣ እገሌ ነው» ለማለት ሲፈልግ ነው። በተራው ጊዜ ከባለቤት ወደ ግሥ በቀጥታ ይሄዳል፦ «ዘርዓ ያዕቆብ ፋውንድድ ደብረ ብርሃን»። ሁለተኛውም «አይ ዲድ ኖት ከም ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» ቢባል ይበቃዋል። እዚህ ላይ የተተካ ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ፤ «ፋውንድ» የሚለው ግሥ መጀመሪያውኑ እዚያው ነበረ፣ «ኢዝ» ማሰሪያነቱን ቀምቶት በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ተደብቆ ነበር እንጂ።

«አለ»ም እንዲሁ ነው። «መንዝ ውስጥ ብዙ በግ አለ» የሚለው «ዜር አር ሜኒ ሺፕ ኢን መንዝ» ሆኖ ይመጣል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም አይከፋበትም። ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ግን ድርሰቱ የንብረት ቆጠራ ይመስላል። በጉ ምን ያደርጋል? ማን ያረባዋል? «ፋርመርስ ኢን መንዝ ሬይዝ ሺፕ ፎር ሚት ኤንድ ዉል» (የመንዝ ገበሬዎች በግ ለሥጋና ለሱፍ ያረባሉ) ሲባል «ኢዝ» ብቻውን አይወጣም፤ ሥራና ሠራተኛ አብረው ይገባሉ።

የሚገርመው፣ ያው አማርኛ በሽታውንም መድኃኒቱንም ይዟል። እንግሊዛዊ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ አም ታየርድ» እያለ በ«አም» ሲያገናኝ እኛ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» ብለን በአንድ ግሥ እንጨርሰዋለን። ጥቁር የሚለው ቅጽላችን «ጠቆረ»፣ ረጅም የሚለው «ረዘመ»፣ ሰፊ የሚለው «ሰፋ» የሚል ግሥ አለው፤ ስለዚህ «መንገዱ ሰፊ ሆነ» ከማለት «መንገዱ ሰፋ» ማለት ይቀናናል። እንግሊዝኛም ይህ ዕድል ከሞላ ጎደል አለው፤ ብዙ አጫጭር ቅጽሎች መጨረሻቸው ላይ «ኤን» የሚል ድምፅ ጨምረው ግሥ ይሆናሉ፦ ዋይድ ዋይደን፣ ዳርክ ዳርክን፣ ሾርት ሾርትን፣ ሀርድ ሀርደን። ስለዚህ «ዘ ሮድ ቢካምስ ዋይድ ኒር ደብረ ሲና» ያለው ተማሪዎ አማርኛው ውስጥ ያለውን «ይሰፋል» ቢያስታውስ «ዘ ሮድ ዋይደንስ ኒር ደብረ ሲና» ወደሚለው በራሱ ይደርሳል።

ስለዚህ በክፍሌ የምጠቀምበት ዘዴ የሚከተለው ነው፤ ቀላል ቢመስልም ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ ጠቅሞኛል። ተማሪው «ኢዝ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር አስምሮ፣ ሐሳቡን ያለ «ነው» እና ያለ «አለ» በአማርኛ ጮክ ብሎ ለጓደኛው እንዲናገር አደርገዋለሁ። «ዘ ኮልድ ኢዝ ስትሮንግ ኢን ደብረ ብርሃን» ብሎ የጻፈው ልጅ መጀመሪያ «ብርዱ ኃይለኛ ነው» ይላል፤ «ያለ ነው በለው» ሲባል ትንሽ ያስብና «ብርዱ ይቆረጥማል» ይላል። እንግዲህ ግሡ ተገኘ፤ እንግሊዝኛውም «ዘ ኮልድ ባይትስ» ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል፦ የአማርኛው ግሥ ሁሉ እንግሊዝኛ ውስጥ ያንኑ ሥራ አይሠራም። ሌላዋ ተማሪ «ብርዱ አጥንት ይሰብራል» ብላ «ብሬክስ ዘ ቦን» ብላ ተረጎመችው፤ እንግሊዞች ግን ብርድን «እስከ አጥንት ያቀዘቅዛል» እንጂ «አጥንት ይሰብራል» አይሉትም። አማርኛው ግሡን ለመፈለግ ይረዳል፣ የተገኘው ግሥ በእንግሊዝኛ ከምን ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ ግን መዝገበ ቃላት መገለጡ አይቀርም።

አማርኛው ሳይረዳ ሲቀር ግሡ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስም ወይም ቅጽል ሆኖ ተሸሽጓል። «ኢዝ ዲፔንደንት ኦን» ውስጥ «ዲፔንድ» አለ፤ «ኢዝ ኤን ኢንዲኬሽን ኦቭ» ውስጥ «ኢንዲኬት»፤ «ኢዝ ኢን ኒድ ኦቭ» ውስጥ «ኒድ»፤ «ኢዝ ኤብል ቱ» ደግሞ «ካን» ብቻ ቢባል በቂ ነው። ከታሪክ ድርሰት የወሰድኩትን ልጨምር፦ «ዜር ዋዝ ኤ ሳይኒንግ ኦቭ ኤ ትሪቲ ቢትዊን ሳህለ ሥላሴ ኤንድ ብሪተን ኢን 1841» ይላል። «ሳይኒንግ» የሚለው ስም ግሥነቱ ሲመለስለት «ሳህለ ሥላሴ ኤንድ ብሪተን ሳይንድ ኤ ትሪቲ ኢን 1841» ይሆናል፤ የሸዋው ንጉሥና ብሪታንያ በእንግሊዞች አቆጣጠር በ1841 ውል ተፈራረሙ። ቃሉ ቀነሰ፣ ነገሩ ግን አልቀነሰም።

ሌላው መንገድ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ማጋባት ነው። ተማሪው «አንኮበር ኢዝ ኤን ኦልድ ካፒታል ኦቭ ሸዋ። ኢት ኢዝ ኦን ኤ ሃይ ሪጅ» ብሎ ሁለት «ኢዝ» ሲያወጣ፣ የመጀመሪያውን በነጠላ ሰረዝ መካከል አስገብቶ «አንኮበር፣ ኤን ኦልድ ካፒታል ኦቭ ሸዋ፣ ስታንድስ ኦን ኤ ሃይ ሪጅ» ማለት ይችላል። እኛ «የቀድሞዋ የሸዋ መዲና አንኮበር» ብለን ማዕረጉን ከስሙ ፊት እንደምናስቀድመው ማለት ነው።

ቦታን ለሚናገረው «ኢዝ» እውነተኛ ተተኪዎች አሉ፤ ሰንጠረዥዎን የሚያገኙትም እዚህ ላይ ነው። ከተማና አገር «ላይ» (በእንግሊዝኛ ተኛ ማለት ነው) ይላል፦ «ደብረ ብርሃን ላይስ 130 ኪሎሜትርስ ኖርዝኢስት ኦቭ አዲስ አበባ»። ሕንፃና ዛፍ «ስታንድ»፣ መንገድና ወንዝ «ራን»፣ ሜዳ «ስትሬች»፣ ተራራ «ራይዝ» ይላል። እነዚህ ጌጥ አይደሉም፤ ነገሩ ቆሟል፣ ተኝቷል፣ ተዘርግቷል ብለው ቅርጹን ያሳያሉ።

ለውጥን የሚናገሩት ግሦች ጉዳይ ግን ከሁሉም ይልቅ ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ተማሪዎቻችን ከ«ኢዝ» ሲሸሹ የሚወድቁት «ቢካም» ላይ ነው፣ «ሆነ» ለሚለው ሁሉ እርሱን ስለሚያስቡት። እንግሊዝኛ ለ«ሆነ» ብዙ ግሥ አለው፣ ምርጫውም በለውጡ ዓይነት ይወሰናል። ቀስ እያለ ለሚመጣ ለውጥ «ግሮ» ይባላል፦ «ሂ ግሩ ኦልድ»፣ አረጀ። ለቀለምና በግልጽ ለሚታይ ለውጥ «ተርን»፦ «ዘ ባርሊ ተርንድ የሎው»፣ ገብሱ ቢጫ ሆነ። ነገሩ ወደ ክፉ ሲሄድ «ጎ»፦ «ዘ ሚልክ ዌንት ሳወር»፣ ወተቱ ኮመጠጠ፤ «ሂ ዌንት ብላይንድ»፣ ዓይኑ ጠፋ። ስለዚህ «ሂ ዌንት ሪች» አይባልም፤ ሀብት እንደ ክፉ አይቆጠርምና «ጎት ሪች» ወይም «ግሩ ሪች» ይባላል። ሰው ሳያስበው ለሚይዘው ነገር «ፎል» አለ፦ «ፌል ሲክ»፣ «ፌል አስሊፕ»። ወንዝ ሲደርቅ «ራን ድራይ»፣ ሕልም ሲፈታ ወይም ምኞት ሲደርስ «ከም ትሩ»። እነዚህን ተማሪው ለየብቻ ሳይሆን ከሚከተላቸው ቅጽል ጋር አጣምሮ በደብተሩ እንዲይዝ ያድርጉ፤ «ጎ» ብቻውን ቢያዝ «ሄደ» ነውና።

የስሜት ሕዋሳትን ግሦች፣ ሉክ፣ ሳውንድ፣ ስሜል፣ ቴስት እና ፊልን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እሰጣለሁ። አገናኝ ሲሆኑ የሚከተላቸው ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግሥ አይደለም፦ «ዘ ብሬድ ስሜልስ ጉድ» እንጂ «ስሜልስ ዌል» አይባልም። በግሡ ቦታ «ኢዝ» ገብቶ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ አገናኝ ነው፤ «ሺ ቴስትድ ዘ ሱፕ» (ሾርባውን ቀመሰች) ላይ «ኢዝ» ቢገባ ሴትየዋ ራሷ ሾርባ ትሆናለችና እዚያ ላይ አገናኝ እንዳልሆነ ይታወቃል።

ከዚህ በላይ የምፈራው ተተኪ ግን ሌላ ነው፤ «ኮንስቲቲዩትስ»፣ «ሪፕሬዘንትስ»፣ «ሰርቭስ አዝ»፣ «ስታንድስ አዝ» የሚሉት። ተማሪው ትልቅ ቃል ያገኘ መስሎት «ዘ ማርኬት ሰርቭስ አዝ ኤን ኢምፖርታንት ፕሌስ» ይላል። ይህ ካባ የለበሰ «ኢዝ» ነው። እኛም የራሳችን አለን፤ በደብዳቤና በሪፖርት ላይ «ሥራው አልቋል» ማለት ሲበቃ «ሥራው የተጠናቀቀ ሆኖ ይገኛል» የምንለው። ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ፣ ክብር ያገኘም መሰለ፣ የተጨመረ ነገር ግን የለም። ምርጫው በ«ሰርቭስ አዝ» እና በ«ኢዝ» መካከል ከሆነ እኔ «ኢዝ»ን እመርጣለሁ።

«ኢዝ»ን ጨርሶ ማጥፋት ይቻል እንደሆነም የሞከሩ አሉ። ቋንቋ አስተሳሰባችንን እንዴት እንደሚቀርጽ ያጠናውን የአልፍሬድ ኮርዚብስኪን ትምህርት የተከተለው አሜሪካዊው ዴቪድ ቦርላንድ እ.ኤ.አ. በ1965 «ኢ-ፕራይም» ብሎ የሰየመውን፣ የ«ቢ» መልኮች በሙሉ የተወገዱበትን እንግሊዝኛ አስተዋውቋል። ሐሳቡ የተነሣው «እገሌ ሰነፍ ነው» ስንል የራሳችንን ፍርድ የሰውየው ባሕርይ አድርገን እናስቀምጣለን ከሚል ነው፤ «እገሌ ዛሬ የቤት ሥራውን አልሠራም» ብንል ያየነውን ብቻ እንናገራለን። ይህ ትምህርት ይጠቅማል፤ እኔም በዓመት አንድ ሳምንት ለክፍሌ እንደ ልምምድ እሰጠዋለሁ። ሕግ ሲሆን ግን ያስቸግራል። «ኤ ትራያንግል ኢዝ ኤ ፊገር ዊዝ ስሪ ሳይድስ» የሚለውን ብያኔ ያለ «ኢዝ» ለመጻፍ የሚደክም ሰው ለአንባቢው አንዳች አይጨምርም። ብያኔ፣ እኩልነት፣ ማንነት፣ አጭር ፍርድ፣ እነዚህ የ«ኢዝ» ርስት ናቸው። ቅድም ያነሣኋቸው «አይ አም ኮልድ» እና መሰሎቹም እንዲሁ መነካት የለባቸውም።

ባለፈው ዓመት ከአንድ የመንዝ ተማሪ ጋር የሠራሁትን አንቀጽ እዚህ ባስቀምጠው ከምክሩ ይልቅ ይጠቅምዎታል። እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «ጓሳ ኢዝ ኤን ኤሪያ ኢን መንዝ። ኢት ኢዝ ቬሪ ኮልድ። ዜር ኢዝ ኤ ታል ግራስ። ዘ ግራስ ኢዝ ዩስፉል ፎር ዘ ፋርመርስ። ዜር አር ጌላዳስ ኤንድ ዉልቭስ።» አምስት ዓረፍተ ነገር፣ አምስት የ«ቢ» መልክ፤ ስሕተት ግን የለበትም። «ሣሩ ምን ይሠራል?» አልኩት። ጣራ ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። «ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውስ?» ጭላዳው ይግጣል፣ ቀበሮው አይጥ ያድናል። እየተነጋገርን እንዲህ ሆነ፦ «ኦን ዘ ኮልድ ሃይላንድስ ኦቭ መንዝ፣ ፋርመርስ ካት ዘ ታል ጓሳ ግራስ ፎር ሩፍስ ኤንድ ሮፕስ። ጌላዳስ ግሬዝ ዜር፣ ኤንድ ዉልቭስ ሀንት ራትስ ኢን ዘ ግራስ።»

እዚህ ላይ ላበቃ ስል «ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እያጨደው ሣሩ እንዴት አላለቀም?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ በቃሉ ያውቀዋል፤ አያቶቹ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት መሬቱን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈቱ ጠብቀውታል። ይህን ግን አልጻፈውም ነበር፤ «ዘ ግራስ ኢዝ ዩስፉል» ብሎ ካለፈ በኋላ የሚጨመር ነገር ያለ አልመሰለውም። «ዘ ኮሚዩኒቲ ክሎዝድ ዘ ላንድ ፎር ይርስ ኤንድ ኦፕንድ ኢት ዌን ዘ ግራስ ሃድ ግሮን» የሚለው ዓረፍተ ነገር የድርሰቱ ምርጥ ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ የመጣው ግን «ኢዝ»ን በሌላ ቃል ስለተካ አይደለም፣ ማን ምን አደረገ ተብሎ ስለተጠየቀ ነው። በዚህም የተነሣ «ኢዝ» የማደኑን ሥራ ለሁለተኛው ረቂቅ እንዲያቆዩት እመክራለሁ፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ተማሪው እንደ ልቡ ይጻፍ፣ ቀይ እስክሪብቶ እየፈራ ከጻፈ የአያቶቹን ነገር አያወጣምና። ነጥብም በ«ኢዝ» ብዛት አይቀንሱ፤ እኔ ሞክሬው ልጆቹ ዓረፍተ ነገር ማሳጠርን ብቻ ተማሩበት።

ወደ ላኩልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልመለስ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ቦታ ስለሚናገር «ዘ ቸርች ስታንድስ ኦን ዘ ሂል» ቢባል ያምርበታል፤ ከተራራው የሚታየውን ወይም ወደዚያ የሚወጣውን ሰው ቢጨምርበት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ሁለተኛውን ግን እንዳይነኩት። «ማይ ማዘር ኢዝ ማይ ሂሮ» ብሎ የጻፈ ልጅ በዚያች «ኢዝ» ውስጥ ያስቀመጠውን «ሪሜይንስ»ም ሆነ «ሰርቭስ አዝ» አይሸከሙትም። «ኢዝ»ን ይተዉለትና ከሥሩ በእርሳስ «እናትህ ምን አደረጉ?» ብለው ይጻፉለት።